የስሜት ሕዋሳት የአትክልት ስፍራ በሆስፒታል ግቢ፦ ከአበባው በፊት በሩ

ጥያቄ፦ «በሰሜን ሸዋ ደጋማ ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል አስተባባሪ ነርስ ነኝ። አንድ ለጋሽ ለግቢያችን ማስዋቢያ ገንዘብ ለመስጠት ፈቃደኛ ስለሆነ ኮሚቴው የስሜት ሕዋሳት የአትክልት ስፍራ እንዲሠራ ወስኗል። ቦታው ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ጀርባ ያለው ባዶ መሬት ነው። ለማየት፣ ለመስማት፣ ለማሽተት፣ ለመዳሰስና ለመቅመስ አምስት መደቦች ይኖሩታል፤ መሐሉ ላይ ፏፏቴ ይተከላል፤ ሕሙማን በባዶ እግራቸው የሚራመዱበት የጠጠር መንገድም ይሠራል፤ ዙሪያውም ይታጠራል። በፕሮፖዛሉ ላይ ‹ሕሙማን ቶሎ ይድናሉ፣ የማስታገሻ ፍጆታችንም ይቀንሳል› ተብሎ ተጽፏል። ከእኛ ክፍል አጠገብ የአእምሮ ሕክምና ክፍልም አለ። የተባለው በእርግጥ ተረጋግጧል? ዕቅዱስ ትክክል ነው?»

ምላሽ፦

በፕሮፖዛሉ ላይ የሠፈረው ተስፋ ማስረጃው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ስለሆነ ለለጋሹ ከመላኩ በፊት መስተካከል አለበት። የአትክልት ስፍራው ግን መቅረት የለበትም። በሽታን ባይፈውስም፣ ሆስፒታል መተኛት በራሱ የሚያመጣውን ጭንቀት፣ መሰላቸት፣ የእንቅልፍ መዛባትና ብቸኝነት እንደሚያቃልል ለማመን በቂ ምክንያት አለ፤ ይህም ሳምንታት አልጋ ላይ ለሚያሳልፍ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ጉዳይ ነው። በቀረበው ዕቅድ መሠረት ከተሠራ ከሕሙማኑ ብዙዎቹ ሊደርሱበት አይችሉም፤ ከሚደርሱት መካከልም አንዳንዶቹ ይጎዱበታል።

«ቶሎ ይድናሉ፣ ማስታገሻም ይቀንሳል» የሚለው አባባል መነሻው ሮጀር ኡልሪች የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተሙት ጥናት ነው። ኡልሪች በፔንሲልቬንያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1981 ድረስ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን የ46 ሰዎች መዝገብ መረመሩ። የግማሾቹ ክፍል መስኮት ዛፎችን፣ የቀሪዎቹ ደግሞ የጡብ ግንብ ያሳይ ነበር። ዛፍ ይታያቸው የነበሩት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአማካይ 7.96 ቀን ሲተኙ ግንብ ይታያቸው የነበሩት 8.70 ቀን ተኝተዋል፤ የመጀመሪያዎቹ የወሰዱት ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ነበር፤ ነርሶች ስለ እነርሱ የጻፉት የመከፋትና የማማረር ማስታወሻም ጥቂት ሆኖ ተገኝቷል። ተመራማሪው ዛፎቹ ቅጠል የሚለብሱባቸውን ወራት ብቻ መርጠው፣ ሕሙማኑንም በዕድሜ፣ በጾታና በመሳሰሉት እያጣመሩ ስላነጻጸሩ ሥራቸው በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ነገር ግን የአንድ ሆስፒታልና የአንድ ዓይነት ቀዶ ሕክምና መዝገብ ከመሆኑም በላይ የመረመረው በመስኮት ማየትን ብቻ ነው። እነዚያ ሰዎች ወደ አትክልት ስፍራ አልወጡም፤ ያሸተቱትም ሆነ የዳሰሱት ቅጠል የለም። ከዚህ ጥናት ለእናንተ የሚጠቅመው ትምህርት ሕመምተኛው ከአልጋው ሳይነሳ ዛፍ እንዲታየው ማድረግ ነው፤ ከልብስ ማጠቢያ ጀርባ የሚሠራ መናፈሻ ደግሞ ይህን ሊሰጥ አይችልም።

ከዚያ በኋላ የወጡ ጥናቶች ተስፋውን ሙሉ በሙሉ አያጠናክሩትም፣ ሙሉ በሙሉም አያፈርሱትም። በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት፣ የሳንባ ውስጥ ምርመራ ማለትም ብሮንኮስኮፒ ሲደረግላቸው የተፈጥሮ ሥዕል ያዩና የተፈጥሮ ድምፅ የሰሙ ሕሙማን ሕመሙን ከሌሎቹ በተሻለ መቋቋማቸው ታይቷል፤ በጭንቀታቸው ላይ ግን ልዩነት አልተገኘም። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን በሚኖሩባቸው ተቋማት ስለሚገኙ የአትክልት ስፍራዎች የተሠሩ 17 ጥናቶችን የገመገመ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሞ ነበር። መቁነጥነጥና መረበሽ የመቀነስ አዝማሚያ መኖሩን ቢያሳይም፣ ጥናቶቹ አብዛኞቹ አነስተኛና ደካማ አሠራር ያላቸው መሆናቸውን ሳይሸሽግ ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ የሚሠሩ ነርሶች ዕለታዊ ዕረፍታቸውን በሆስፒታሉ የአትክልት ስፍራ ሲያሳልፉ ከሥራ መዛል የሚመጣው የስሜት መሟጠጥ እንደቀነሰላቸው ተዘግቧል። ይህን የመጨረሻውን ያነሣሁት እንዲሁ አይደለም፤ በእናንተ ዕቅድ ውስጥ ስለ ሠራተኛው አንድም ቃል አላየሁም፤ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ነርስ የሚቀመጥበት ቦታ ግን የሕሙማኑም ጥቅም ነው።

ጥቅሙ የሚመጣው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። አረንጓዴ ነገር ማየትና የቅጠል ድምፅ መስማት የተወጠረ አካልን ያረጋጋል፣ በሕመም የደከመን ትኩረት ያሳርፋል የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ደጋፊ አለው። ከዚያ ባልተናነሰ ደግሞ ዕፅዋት በቀጥታ የማይሰጡት፣ ሰውየው ወደ ውጭ በመውጣቱ ብቻ የሚያገኘው ጥቅም አለ። የቀን ብርሃን ያገኛል፤ ይህም መብራት ሌሊቱን ሙሉ በማይጠፋበት ክፍል የተቃወሰውን እንቅልፍ ለማስተካከል ይረዳል። ጥቂት እርምጃ ይራመዳል፤ ከቤተሰቡ ጋር እንደ ሰው ተቀምጦ ይጫወታል። በተጨማሪም መቼ መርፌ እንደሚወጋ፣ መቼ እንደሚበላና መቼ እንደሚታጠብ ሌላው ሰው በሚወስንለት ቦታ ላይ «አሁን ልቀመጥ፣ አሁን ልመለስ» ብሎ የራሱን ውሳኔ ይወስናል። በሥራዬ እንዳየሁት ሕሙማኑ ራሳቸው አብዝተው የሚያነሡት ይህን የመጨረሻውን ነው።

በዕቅዱ ውስጥ ያለው ትልቁ የአስተሳሰብ ስሕተት «የስሜት ሕዋሳት» የሚለውን ሁሉንም ነገር አብዝቶ ማነቃቃት አድርጎ መውሰዱ ነው። በሆስፒታል ውስጥ ብዙው ሕመምተኛ የሚሠቃየው በድምፅ፣ በመብራትና በጠረን መብዛት ነው፤ የበረኪናው ሽታ፣ የጋሪው መንኳኳትና የጎረቤት አልጋ ማቃሰት ሳያንሱት ደማቅ ቀለምና ኃይለኛ መዓዛ መጨመር እርዳታ አይሆነውም። በሌላ በኩል በመርሳት ሕመም ወይም በስትሮክ ምክንያት በዝምታ ለተዋጠ ሰው መነቃቃቱ ያስፈልገዋል። አንድ ስፍራ ሁለቱንም የሚያስተናግደው ሕመምተኛው ራሱ መጠኑን መምረጥ ሲችል ብቻ ነው። ለዚህም ቀላል ዘዴ አለ፤ በነፋስ ሽታውን ለሁሉም የሚበትን አበባ ሳይሆን፣ ሲነኩት ወይም ሲያሹት ብቻ መዓዛ የሚሰጥ ቅጠል ይተከላል። ጦስኝ፣ ናና እና የጥብስ ቅጠል ከመቀመጫ አጠገብ፣ እጅ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ሲሆኑ፣ የፈለገ ሰው ቅጠሉን በጣቱ አሽቶ ያሸታል፤ ነፍሰ ጡሯ፣ ኩላሊቱ የደከመው ወይም የካንሰር መድኃኒት የሚወስደው ሰው፣ ሽታ የሚያቅለሸልሸው በመሆኑ፣ ሳይነካው ያልፋል። አስም ላለበትም የሚሻለው ይኸው ነው። ስለዚህ አምስቱን መደቦች ይተዋቸው፤ ጦስኝ ይታያል፣ ይሸተታል፣ ይዳሰሳል፤ በየክፍሉ መነጣጠሉ ለጉብኝት ያመች እንደሆነ እንጂ ለተኛ ሰው ትርጉም የለውም።

ስለ ቦታው ምርጫ ጠንከር ብዬ መናገር አለብኝ። ከልብስ ማጠቢያ ጀርባ እንፋሎትና የማሽን ጩኸት አለ፤ ከነርሶች መቀመጫም አይታይም። እዚያ ድረስ በእግሩ መሄድ የሚችለው በጣም የተሻለው፣ ምናልባትም ነገ የሚወጣው ሕመምተኛ ነው። ከክፍላችሁ በር ወደ ውጭ ያለውን መንገድ ጉሉኮስ የተሰካለት ሰው እንደሚሄደው አድርገው ይራመዱት። የበሩ ደፍ ሦስት ጣት ከፍ ያለ ከሆነ የመስቀያው ትንንሽ ጎማ እዚያው ይቆማል። ቀጥሎ የኮብልስቶን ንጣፍ ካለ መስቀያው ይንገጫገጫል፣ መርፌው ያለበት እጅም ይጎተታል፤ ሆዱን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ሲሄድ እያንዳንዱ ድንጋይ ይሰማዋል። ለግቢያችን ሁሉ ኮብልስቶን ማንጠፍ ስለለመድን ይህ ችግር አይታየንም። ለዚህ መንገድ የሚሻለው ወለሉ ደልዳላ ሆኖ በመጥረጊያ ሻካራ የተደረገና የማያንሸራትት ኮንክሪት ነው፤ ስፋቱ ቢያንስ 1.5 ሜትር ይሁን፤ ተዳፋት ካለበትም 1 ሜትር ለመውጣት ከ12 ሜትር ያላነሰ ርዝመት ይሰጠው። መቀመጫዎቹ ተቀራርበው፣ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ፣ መደገፊያና የክንድ ማሳረፊያ ኖሯቸው ይሠሩ። መደገፊያ የሌለው የሲሚንቶ አግዳሚ ለደከመ ሰው መቀመጫ ሊባል አይችልም፤ በደጋ አየር ደግሞ ብርዱን ይይዛል፤ ቢያንስ መቀመጫው እንጨት ይሁን።

የእናንተ ከተማ ብርድና ነፋስ ስላለበት ጥላ ብቻ ማሰብ አይበቃም። ጠዋት ጠዋት ሕሙማኑ ጋቢያቸውን ተከናንበው በየግድግዳው ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አይተው ይሆናል፤ የሚፈልጉትን ቦታ ከማንም ባለሙያ በተሻለ እያመለከቱ ነው። ከነፋስ የተጠለለና ወደ ምሥራቅ የሚያይ ግድግዳ ሥር መቀመጫ ይደረግላቸው። ረፋዱ ላይ ግን የደጋ ፀሐይ ኃይለኛ ነው፤ እንደ ክሎርፕሮማዚን ያሉ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒቶችና እንደ ዶክሲሳይክሊን ያሉ ጸረ ባክቴሪያዎች ቆዳን በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠል ያደርጋሉ። ስለዚህ ከፀሐይ መሞቂያው ጥቂት እርምጃ ርቆ ጥላ ያለው መቀመጫ መኖሩ ግዴታ ነው፤ ዛፍ እስኪያድግ ድረስም በቀርከሃ ወይም በቆርቆሮ የተሠራ ዳስ ይበቃል።

ፏፏቴውን አትሥሩ። በዚህ ላይ ማመቻመች የለብኝም። ውኃን ወደ አየር በደቃቁ የሚረጭ ማንኛውም ነገር፣ በደንብ ካልተያዘ፣ ሌጂዮኔላ የተባለውን የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊያሰራጭ ይችላል፤ በሌሎች አገሮች በሆስፒታል ውስጥ ከተተከሉ ፏፏቴዎች የተነሣ ሰዎች ታመዋል። ተገቢው የማጣሪያ፣ የክሎሪንና የክትትል ሥራ በየሳምንቱ ካልተሠራ፣ ውኃ ደግሞ በየጊዜው በሚቋረጥበት ከተማ፣ ፏፏቴው ብዙውን ጊዜ የረጋ ውኃ የተጠራቀመበት ገንዳ ሆኖ ይቀራል። በቆላና በወይና ደጋ ያሉ አንባቢዎች ደግሞ የወባ ትንኝን ያስቡ። ለጆሮ የሚሆን ነገር ከተፈለገ ደገኛው ቀርከሃ በነፋስ ሲንሿሿ ይሰማል፤ የሚጠይቀውም ቦታና ጥቂት ውኃ ብቻ ነው። ሥሩ እንዳይስፋፋ ግን በሲሚንቶ በተከበበ መደብ ውስጥ ይተከል። ዕፅዋቱን ለማጠጣት ያልተጣራ የሆስፒታል ፍሳሽ ወይም የልብስ ማጠቢያ ውኃ መጠቀምም ፈጽሞ አይፈቀድ፤ የጣራ ዝናብ ውኃ በታንከር ማጠራቀም ይሻላል።

የባዶ እግር የጠጠር መንገዱም ይቅር። ውጭ አገር በሚታዩ የመናፈሻ ሥዕሎች ላይ ያማረ ይመስላል፤ በውስጥ ደዌ ክፍል ግን ከሕሙማኑ በርካቶቹ የስኳር ሕመምተኞች ናቸው። እግሩ የደነዘዘ ሰው ጠጠር ሲወጋው አይሰማውም፤ ቁስሉን የሚያየውም ከቀናት በኋላ፣ አንዳንዴም መግል ከያዘ በኋላ ነው፤ እንዲህ ያለ ቁስል ጣት ወይም እግር እስከማስቆረጥ ሊደርስ ይችላል። በሥጋ ደዌ ምክንያት ስሜታቸው ለጠፋባቸው ሰዎችም አደጋው ያው ነው። መዳሰስን ወደ እጅ ይመልሱት፤ ሸካራ የወይራ ግንድ፣ ለስላሳ የላቬንደር ቅጠልና ሰፊ የእንሰት ቅጠል በቂ ናቸው።

የመቅመሻው መደብ የሚያስከትለው ችግር ብዙም ስለማይታሰብ ልጥቀሰው። ፖታሺየም ወይም ፈሳሽ የተከለከለ ሕመምተኛ አለ፤ ያልታጠበ ቅጠል ተቅማጥ ያመጣል፤ ሕፃን ልጅ ደግሞ የሚበላውን ከማይበላው አይለይም። ናናና ጦስኝ በሻይ መልክ በማብሰያ ክፍል በኩል እንዲቀርብ ማድረግ ይቻላል፤ ከመደቡ ቀጥፎ መብላት ግን አይበረታታ።

ከተክሎቹ ምርጫ በፊት የማይተከሉትን ይዘርዝሩ። ጉሎ፣ አስተናግርና ኦሊያንደር የሚባለው ባለ ሮዝና ነጭ አበባ ቁጥቋጦ መርዛማ ናቸው። ለአጥር የሚወደደው ቅንጭብ የሚያወጣው ነጭ ፈሳሽ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። ጤና አዳምን ብዙ ሰው ስለሚወደውና ስለሚያውቀው ከስፍራው ማስቀረት ይከብዳል፤ ሆኖም ፈሳሹ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ውኃ ሊቋጥር ስለሚችል፣ እጅ ከሚደርስበት መደብ ራቅ ብሎ ለዓይን ብቻ ይተከል። በሶብላ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ስለሚሞትባችሁ በየዓመቱ እንደገና ይዘራ ወይም ይቅር። ለአካባቢያችሁ ከሁሉ የሚስማማው ጦስኝ ነው፤ የደጋው ተወላጅ ነውና ብርዱ አያስፈራውም። አደይ አበባ በመስከረም ብቻ ቢታይም ዘሩን መበተን ወጪ የለውም፤ ዘመን መለወጫን ሆስፒታል ለሚያሳልፍ ሰውም ብዙ ትርጉም አለው። ለትልልቅ ዛፍ የሐበሻ ጽድና ኮሶ ይበቃሉ፤ ባሕር ዛፍ ግን ውኃ ስለሚያሟጥጥና ቅርንጫፉ ስለሚገነጠል ከመቀመጫም ከሕንፃም ይራቅ። በሽታ የመከላከል አቅማቸው እጅግ የወረደ ሕሙማን፣ ለምሳሌ ኃይለኛ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ፣ አፈር በሚቆፈርበት ሰዓት እንዳይወጡ ይደረግ፤ ከአፈር የሚነሣ የሻጋታ ዘር ሳንባቸውን ሊያጠቃ ይችላል፤ ለዚሁ ምክንያት በማሰሮ የተተከለ አበባም ወደ ክፍላቸው አይግባ።

የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን በተመለከተ፣ አንድ የጋራ ስፍራ ሠርቶ ሁለቱንም ማገልገል ይቻላል የሚል እምነት የለኝም። በአእምሮ ሕክምና ክፍል ሐኪሞቹና ነርሶቹ የሚያነሧቸው ጥያቄዎች የተለዩ ናቸው፤ ራስን ለመጉዳት የሚያገለግል ገመድ ወይም ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ፣ ሊወረወር የሚችል ልቅ ድንጋይ፣ ከዓይን የሚሰውር ቁጥቋጦ መኖር የለበትም። ግን አደጋን ከመፍራት የተነሣ ደረቅ ግቢ ብቻ ማስቀረትም ስሕተት ነው። ከክፍሉ በቀጥታ የሚወጣ፣ ከነርሶች መስኮት ሙሉ በሙሉ የሚታይ፣ ዙሪያውን እየዞሩ ወደ ተነሡበት የሚመለሱበት መንገድ ያለው ትንሽ ግቢ በቂ ነው፤ መቁነጥነጥ የያዘው ሰው የሚራመድበትን ያገኛል፤ መንገዱም የተዘጋ ግድግዳ ፊት አያቆመውም። በሁለቱም ክፍሎች ያሉ ሕሙማን ከመቀመጫ ሲነሡ የደም ግፊታቸው በድንገት ሊወርድ ስለሚችል አጠገባቸው የሚይዙት ነገር መኖሩን ያረጋግጡ።

የቀረው ጉዳይ አጥሩ ነው። የሆስፒታሎቻችንን ግቢ በብዛት የሚጠቀሙት አስታማሚዎች ናቸው፤ ልብስ ያሰጣሉ፣ ምግብ ያሞቃሉ፣ ሌሊት በሳሩ ላይ ያድራሉ። ኮሚቴው አጥር የፈለገው ይህን ፈርቶ እንደሚሆን እገምታለሁ። ነገር ግን በታጠሩ መናፈሻዎች ላይ በተደጋጋሚ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ከምረቃው ዕለት በኋላ በሩ ይቆለፋል፣ ጥበቃው በፊሽካ ሰው ያባርራል፣ ሕሙማኑም ከውጭ ሆነው ያያሉ። አስታማሚው ሕመምተኛውን ደግፎ የሚያወጣው ሰው ስለሆነ እርሱን ማግለል ሕመምተኛውን ማግለል ነው። ለአስታማሚዎች የልብስ ማስጫና የማረፊያ ቦታ ያዘጋጁላቸው፤ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ያለው ያ ባዶ መሬት ለዚህ በትክክል ይሆናል። ያን ጊዜ የአትክልት ስፍራው ያለ አጥርም ይጠበቃል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ገንዘቡን በትልቁ ዕቅድ ላይ አያውሉት። ከውስጥ ደዌ ክፍል በር አጠገብ፣ ከመስኮቶቹ በሚታይ ቦታ፣ ደፉን አስተካክለው፣ ደልዳላውን መንገድ ሠርተው፣ በፀሐይና በጥላ መቀመጫ አድርገው፣ ወደ ወገብ ከፍ ባለ መደብ ጦስኝና ጥቂት መዓዛማ ቅጠል ተክለው ይጀምሩ። የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን ግቢ በሁለተኛ ደረጃ፣ ከክፍሉ ባለሙያዎች ጋር ተነጋግረው ይሥሩ። ከገንዘቡ ቢያንስ የሁለት ዓመት የአትክልተኛ ደመወዝ አስቀድሞ ይለይ፤ ለጋሹ በዚህ ካልተስማማ የሚሠራው ስፋት ይቀነስ እንጂ ደመወዙ አይነካ። በፕሮፖዛሉም ላይ «ቶሎ ይድናሉ» የሚለውን አውጥተው «ሕሙማን በየቀኑ ከአልጋቸው ተነሥተው ወደ ውጭ የሚወጡበትን ዕድል ይጨምራል» ብለው ይጻፉ፤ ይህን ራሳችሁ ልትለኩት ትችላላችሁ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለአንድ ወር፣ ካለቀ በኋላም ለአንድ ወር፣ በየቀኑ ወደ ውጭ የወጡትን ሕሙማን ብዛትና የቆዩበትን ጊዜ በነርሶች መዝገብ ላይ ያስፍሩ፤ ወራቱም በዝናብና በፀሐይ ተመሳሳይ ይሁኑ። ቁጥሩ ካልጨመረ መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥሎ መንገዱንና መቀመጫውን ይመርምሩ፤ ተጨማሪ አበባ ለመትከል አይቸኩሉ።